የጭስ ማውጫ ጎሚቶ መቀየር፦ ሞተሩ ዙር አልወጣ ብሏል፣ ጥቁር ጭስ አለ፣ ስታዶቹም ተጣብቀዋል

ነፋስ_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። የሸራ ጀልባ ውስጥ ያለ ባለ 3 ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ነው። 27 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ሞተሩን ኩላንት ያቀዘቅዘዋል፣ ኩላንቱን ደግሞ የባሕር ውሃ። ማርሽ ሳይገባ እስከ 3,600 ዙር ያለ ችግር ይወጣል። ማርሽ ከገባ ግን ከ2,700 አያልፍም፤ ናፍታ ሲጨመርለት የሚጨምረው ጥቁር ጭስ ብቻ ነው። የሙቀት መለኪያው ገና የተለመደውን ነው የሚያሳየው። ከጎሚቶው (ጭሱና የባሕር ውሃው የሚቀላቀሉበት ክርን ቧንቧ) ፍላንጅ፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ጠርዝ፣ ሥር ቡናማ የዝገት መስመር ወርዷል፣ ዳር ዳሩን ነጭ የጨው ቅርፊት ይዟል። የጀልባው ሆድና ፕሮፔለሩ ንጹሕ ናቸው።

ጥያቄዬ፦ በርግጥ ጥፋቱ የጎሚቶው ነው? ከሆነስ አጽድቶ መመለስ ይበቃል ወይስ መቀየር አለበት? ስታዶቹ (ጎሚቶውን ያሰሩት ጥርስ ያላቸው ዘንጎች) በዝገት ተበልተዋል፤ ሳይሰበሩ የሚፈቱበት መላ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ናፍታና_ዝገት

ምልክቱ የጎሚቶ ነው፤ ግን ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ለይ። ሞተር ያለ ጭነት የሚያወጣው ጭስ ጥቂት ስለሆነ በጠበበ ቀዳዳም ያልፋል፤ ለዚህ ነው ያለ ማርሽ 3,600 የሚወጣው። ጭነት ሲመጣ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ሲሊንደሩ አሮጌ ጭስ እንደያዘ ይቀራል፣ ንጹሕ አየር አይበቃውም፣ ናፍታው ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ይህን ግን ጎሚቶ ብቻ አያመጣውም። የጭስ ጎማ ቱቦው የውስጥ ሽፋን ተልጦ ሲታጠፍም ልክ ይሄው ነው የሚታየው። ቱቦው ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ስታወልቀው በባትሪ ውስጡን እየው፣ ጣትህንም አስገብተህ ዳስሰው። የአየር ማጣሪያውንም አትርሳ፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

የዝገት መስመሩና ጨው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ወደ ውጭ መንገድ ያገኘ ውሃ ወደ ሞተሩም ማግኘት ይችላል። ስለዚህ እስኪወልቅ ድረስ ሞተሩን ባታስነሣው ይሻላል።

ጎሚቶው ለምን እንደሚሞት ማወቅ ጥሩ ነው። ከማኒፎልዱ (የሲሊንደሮቹ ጭስ ከሚሰበሰብበት ክፍል) የሚወጣው ጭስ በጭነት ጊዜ በብዙ መቶ ዲግሪ ይቆጠራል። ጎማ ቱቦ ያንን ስለማይችል የባሕር ውሃ ጎሚቶው ውስጥ ይረጭበትና ይቀዘቅዛል። አንድ ቦታ ላይ ሙቀት፣ ጨው፣ ኦክስጅንና ከናፍታው ድኝ የሚመጣ አሲድ ይገናኛሉ። ብረቱ የሚበላው እዚያ ነው፤ ጥቀርሻም እርጥቡ ላይ እየለጠፈ የሚደነድነው እዚያው ነው። 40 ሚ.ሜ የነበረ ቀዳዳ እርሳስ ብቻ የሚያሳልፍ ሆኖ ይገኛል።

ሸራ_አውራጅ

ማጽዳት ይቻላል። ጥቀርሻውን በመሮና በካቻቢቴ እየቀረፉ ማውጣት፣ ከዚያ ዝገቱንና የጨው ድንጋዩን በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማሟሟት። አሲድ ጥቀርሻን አያሟሟም፤ ብዙ ሰው ጎሚቶውን አሲድ ውስጥ አሳድሮ ምንም አልተለወጠም የሚለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ጥቀርሻው በእጅ ይወጣል፣ አሲዱ የሚመጣው ኋላ ነው። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ጓንት፣ መነጽርና ክፍት ቦታ ግዴታ ነው። የአሉሚኒየም ዕቃ ካለበት አሲዱን ተዉት።

ሞተረኛዋ

ማጽዳቱን አልቃወምም፤ ከማጽዳቱ በኋላ ያለው ፈተና ነው ወሳኙ። ብዙ ጊዜ ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው ራሱ ዝገቱ ነው፤ ስታጸዱት ይከፈታል።

ጎሚቶው ድርብ ግድግዳ ያለው ዓይነት ከሆነ (ጭሱ በመሐል፣ ውሃው በዙሪያው ሄዶ ጫፉ ላይ የሚገናኙበት) እንዲህ ይፈተናል። የቱቦውን መውጫ ወደ ላይ፣ ፍላንጁን ወደ ታች አድርጉና ሞርሳ ላይ እሰሩት። በውሃ መግቢያው አጭር ቱቦ ሰክታችሁ ቀስ ብላችሁ ንጹሕ ውሃ ሙሉበት፤ ውሃው የላይኛው ከንፈር ጋ ሊደርስ ሲል አቁሙ። ከንፈሩን ካለፈ ፈተናው ተበላሸ። አሁን ከታች በፍላንጁ በኩል በባትሪ እዩ። ለ10 ደቂቃ ደረቅ ከሆነ የውስጥ ግድግዳው ይዟል። አንዲት ጠብታ ከታየች ጎሚቶው ለቆሻሻ ነው፤ በብየዳም በማጣበቂያም አይድንም።

ሁለተኛው ፈተና በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ማድረግ ነው። ደህና ብረት ይጮኻል። የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። አንዳንዴ መዶሻው ራሱ ሰርጎ ይገባና ጥያቄው ያበቃል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የኔ ፍርድ፦ ነፋስ_ጠባቂ የገለጸው ከውጭ እያለቀሰ ያለ፣ ዕድሜው የማይታወቅ ጎሚቶ ነው። ለማጽዳት ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ይቀየር።

ነፋስ_ጠባቂ

እሺ፣ ይቀየራል። ስታዶቹስ? አራት ናቸው፣ ኤም8። ዳዶዎቹ ክብ ሊሆኑ ትንሽ ነው የቀራቸው።

ናፍታና_ዝገት

እዚህ ላይ ችኮላ አያዋጣም፤ ሥራው ሁለት ቀን ነው ብለህ ጀምር።

በመጀመሪያው ቀን የባሕር ውሃ መዝጊያውን ዝጋ። መዝጊያውን ስትዘጋ የሞተሩን ቁልፍ አውጥተህ እጀታው ላይ አንጠልጥለው፤ ማንም ተሳስቶ እንዳያስነሣ። ሁሉንም ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሣ፣ በተለይ ጎሚቶው የዞረበትን ማዕዘን። ስታዶቹን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አጽዳና የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀባ። ማታ ድገም፣ ጠዋት ድገም።

በሁለተኛው ቀን ለዳዶው ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ ተጠቀም፤ ባለ 12 ማዕዘኑ የተበላ ዳዶ ላይ ይንሸራተታል። ለኤም8 የተለመደው 13 ሚ.ሜ ነው፣ የጃፓን ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ 12 ነው። ዝገቱ ጎኑን ከበላው አንድ ቁጥር የሚያንስ ቡሶላ በመዶሻ መትተህ አስገባ። መጀመሪያ ለመፍታት አትሞክር፤ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ፀጉር ታህል ግፋው። ከተንቀሳቀሰ ዝገቱ ተሰብሯል። ከዚያ ሩብ ዙር ፍታ፣ ዘይት ጨምር፣ መልሰህ አጥብቅ፣ እንደገና ፍታ። ጥርሱ ሲንሿሿ ከተሰማህ እየመጣ ነው። እንደ ጎማ መጠምዘዝ ከጀመረ ግን ስታዱ ሊበጠስ ነው፤ እዚያው ቁም።

ስታዱ ከነዳዶው ተፈትቶ ከወጣ ደግሞ ደስ ይበልህ። የሚተካው አዲስ ስታድ ርካሽ ነው።

ሸራ_አውራጅ

ለማላቀቂያ ግማሽ አሴቶን ከግማሽ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጋር ደባልቆ መቀባት ከብዙ የታሸገ ዘይት ይበልጣል። አሴቶኑ ስለሚተን በተቀባ ቁጥር ዕቃውን መነቅነቅ ያስፈልጋል።

ሞተረኛዋ

ይሠራል፤ ግን እሱን የቀባ ሰው በዚያ ቀን እሳት አያስጠጋ። አሴቶን በተዘጋ የሞተር ክፍል ውስጥ ፈንጂ ነው። በሙቀት የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ሙቀት ብቻ ይምረጥ።

በሙቀት ከሆነ፦ የሞተር ክፍሉን አናፍሱ፤ የናፍታ፣ የማብሰያ ጋዝና የባትሪ ጋዝ እንደሌለ አረጋግጡ። ከኋላ ያለውን ፋይበርግላስና ቱቦ በብረት ላሜራ ሸፍኑ፣ እሳት ማጥፊያ እጃችሁ አጠገብ ይሁን። እሳቱ ዳዶው ላይ እንጂ ስታዱ ላይ አይደለም፤ የሚፈለገው ዳዶው እንዲሰፋ ነው። ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ያዙና ፍቱት። አንዴ ካልሆነ አቀዝቅዙ፣ ድገሙ። ሦስቴ ካሞቃችሁ በኋላ እምቢ ያለ ዳዶ በመሮ ጎኑን ሰንጥቆ ማውጣት ይሻላል፤ ዳዶ ይተካል፣ ማኒፎልድ አይተካም።

ብየዳ_ቤት

ስታድ ቢበጠስስ? ከፍላንጁ በላይ ቀሪ ካለ፣ ትንሽ ተለቅ ያለ ዳዶ አልብሶ ውስጡን በብየዳ ሞልቶ ማያያዝ ነው። የብየዳው ሙቀት ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ ቀዝቀዝ ሲል በመፍቻ ይወጣል። ብየዳው ጀልባው ላይ ከሆነ የባትሪዎቹን ገመድና የአልተርኔተሩን ሶኬት አስቀድማችሁ ፍቱ፤ የመሬት ገመዱን ማኒፎልዱ ራሱ ላይ እሰሩ።

ልሙጥ ሆኖ ከተበጠሰ መሐሉን በፑንቾ ምልክት አድርጉ። እዚህ ላይ መሐል ካልሆነ ሁሉም ይበላሻል፤ አሥር ደቂቃ ብትወስዱ አትቆጩ። በ3 ሚ.ሜ ፑንታ ጀምሩ፣ በ5 አስፉ፤ በግራ የሚዞር ፑንታ ካላችሁ ብዙ ጊዜ ሲበሱት ቁራጩ ራሱ ተሽከርክሮ ይወጣል። ካልወጣ በ6.8 ሚ.ሜ ብሱና ጥርሱን በኤም8 ማስኪዮ (1.25 ፒች) አድሱ። ጥርሱ ከጠፋ የሽቦ ጥርስ ማስገቢያ ይገባበታል።

ጀማሪ_መርከበኛ

ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። አዲስ ስታድ ከአይዝጌ ብረት ማድረግ አይሻልም? የማይዝግ ስለሆነ።

ብየዳ_ቤት

አይዝግም፣ ግን አይዝጌ በአይዝጌ ላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይነካከስና እንደተበየደ ይሆናል። አይዝጌ ስታድ ከመረጥክ ዳዶው የነሐስ ይሁን፣ ጥርሱም ላይ ኒኬል ያለበት ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ጸረ-መጣበቅ ቅባት ይቀባ። ተራ ግራሶ እዚያ ሙቀት ላይ ተቃጥሎ ይጠፋል።

ስለ ጎሚቶው ራሱም ልጨምር፤ የብረትና የአይዝጌ ክርክር መቼም አያልቅም። ቀልጦ የተሠራ ተራ ብረት ሲበላ ያስታውቃል፦ ይዝጋል፣ ያለቅሳል። አይዝጌ 316 ዕድሜው ይረዝማል፣ ግን የሚበላው በመርፌ ቀዳዳ ነው፤ በተለይ ብየዳው አጠገብ ጨው ውሃ ቆሞ በሚያድርበት ስንጥቅ። ከውጭ እንደ መስታወት እያበራ ውስጡ ተበስቶ ይገኛል። አሠርቶ የሚያስገባ ሰው 316ኤል፣ 3 ሚ.ሜና ከዚያ በላይ ግድግዳ፣ ውስጡ በአርጎን ተሞልቶ የተበየደ ብሎ ይዘዝ። አርጎን ሳይሞላ የተበየደ ውስጡ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ናስና ነሐስ ውሃ ከመረጨቱ በፊት ባለው ደረቅ ሙቅ የጭስ መንገድ አይገቡም፤ ድኙ ይበላቸዋል። ጋልቫናይዝድ ቧንቧም አይሆንም፣ ዚንኩ ሙቀቱን አይችልም።

ናፍታና_ዝገት

የጎሚቶው ግንኙነት በፍላንጅ ሳይሆን በጥርስ ኒፕል (ጥርስ ባለው አጭር ቧንቧ) ለሆነላችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ሁለት የቧንቧ ጥርስ ዓይነት አለ። በ1¼ ኢንች መጠን የእንግሊዙ በኢንች 11 ጥርስ፣ የአሜሪካው 11.5 ጥርስ ነው። ሁለት ዙር ያህል በእጅ ይገባሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ፣ ሰው «በደንብ ያዘ» ይላል፤ ጭስ ያፈሳል። የጃፓን ሞተሮች በእንግሊዙ ጥርስ ነው የሚሠሩት። በ½ እና በ¾ ደግሞ የጥርሱ ቁጥር ሁለቱም 14 ስለሆነ በቆጠራ አይለይም፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን 55 እና 60 ዲግሪ ነው። እዚያ ላይ ነጭ የቴፍሎን ፕላስተር አትጠቅልሉ፤ 260 ዲግሪ አካባቢ ያበቃለታል።

የያንማር ጂኤም (የጃፓን የጀልባ ሞተር ነው) ሞተሮች ጎሚቶ ዝቅ ያለና ከፍ ያለ ተብሎ በሁለት ቅርጽ ይመጣል። ከአሮጌው ጋር አነጻጽሮ መግዛት ነው፤ የሚያመሳስላቸው ፍላንጁ ብቻ ነው።

ነፋስ_ጠባቂ

ወጣ! ሦስቱ በዘይትና በትዕግሥት፣ አራተኛው በሙቀት ተፈቱ። አንዱ ስታድ ከነዳዶው መጣ። ውስጡን ሳየው ቀዳዳው ትንሿ ጣቴን አያስገባም። አሁን ስለ መግጠሙ ንገሩኝ፤ ውሃው ወደ ሞተሩ ገብቶ ከሆነስ እንዴት ይታወቃል?

ሞተረኛዋ

ከመጨረሻው ልጀምር። የዘይት መለኪያውን አውጣ፤ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ማኒፎልዱ አፍ ላይ ዝገት ወይም እርጥብ ካለም ጠርጥር። በሞተሪኖ አታዙር፤ ውሃ አይታመቅም፣ የሚታጠፈው የፒስተኑ ክንድ ነው። ዲኮምፕሬሽን ማንሻ (የሲሊንደሩን ግፊት የሚለቅ) ካለው አንሣ፣ ከሌለው ኢንጀክተሮቹን አውጣ፤ ከዚያ የክራንክ ፑሌጂያውን ቡሎን በመፍቻ ይዘህ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር። በነጻነት ከዞረና ውሃ ካልተፋ ተርፈሃል። ከተፋ፦ በየሲሊንደሩ ዘይት ርጭ፣ የሞተር ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይር፣ በዚያው ቀን አስነሥተህ አሙቀው፤ ዘይቱ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመህ ቀይር። የጨው ውሃ አንድ ሌሊት ካደረ ሲሊንደሩን ያዝገዋል።

ወደ መግጠሙ፦ የማኒፎልዱን አፍ በጨርቅ ድፈንና አሮጌውን ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ) በመፋቂያ አንሣ። አሮጌ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በውሃ አርጥበህ ፋቀው እንጂ በደረቁ በሚሽከረከር ብሩሽ አታቡንነው። ቀጥ ያለ ብረት በፍላንጁ ላይ አጋድመህ በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች) ለካ፤ 0.1 ሚ.ሜ ቅጠል ከገባ ፊቱ ተጣሟል፣ መስተካከል አለበት። ጓርኒሲዮኑ አዲስና ደረቅ ሆኖ ይገባል። ሲሊኮን አትቀባ፤ ይቃጠላል፣ የወጣው ትርፍ ደግሞ ተቆርሶ መንገድ ይዘጋል። ጨርቁን ማውጣት አትርሳ (የሚረሳ ሰው አለ)።

ዳዶዎቹን በእጅ አድርስ፣ ከዚያ በመስቀል አቅጣጫ እየተፈራረቅህ በሁለት ዙር አጥብቅ። የሞተርህ መጽሐፍ ቁጥር ካለው እሱን ያዝ፤ ከሌለው ለኤም8 ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃል። የጭስ ቱቦውን ስትሰካ ጫፉን በሙቅ ውሃና በሳሙና አለስልስ፤ በየጫፉ ሁለት ሁለት የአይዝጌ ፋሼታ፣ መቆለፊያቸው በተቃራኒ ጎን ይሁን። የቱቦው ክብደት ጎሚቶው ላይ እንዳይንጠለጠል ከጀልባው ግድግዳ ጋር ደግፈው፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የሚሰነጠቀው ፍላንጁ ነው።

ሸራ_አውራጅ

ከመዝጋትህ በፊት የባሕር ውሃ ፓምፑን ክፈት። የኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃ የሚገፋው) የጎማ ክንፍ ጎድሎ ከሆነ የጎደለው ቁራጭ ሙቀት መለዋወጫው (የባሕር ውሃው ኩላንቱን የሚያቀዘቅዝበት) መግቢያ ላይ ወይም ጎሚቶው የውሃ ቀዳዳ ላይ ተሰክቷል። ሁሉንም ቁራጭ ቆጥረህ ሳትጨርስ አዲስ ጎሚቶ አትግጠም።

ናፍታና_ዝገት

ማንም ያላነሳው ደግሞ ከፍታው ነው። ውሃው ጎሚቶው ላይ የሚረጭበት ነጥብ ጀልባው ተጭኖ ከሚቆምበት የውሃ መስመር ቢያንስ 150 ሚ.ሜ ከፍ ማለት አለበት። በሸራ ጀልባ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ይህ ብዙ ጊዜ አይሟላም። ካልተሟላ ከሙቀት መለዋወጫው ወደ ጎሚቶው የሚሄደው ቱቦ ከውሃ መስመሩ ቢያንስ 300 ሚ.ሜ በላይ ወጥቶ፣ አናቱ ላይ ጸረ-ሳይፈን ቫልቭ (አየር አስገብቶ የውሃውን ስበት የሚቆርጥ) ይዞ መውረድ አለበት። ያለዚያ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ውሃው ራሱን ስቦ ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ ማፈኛ) ይሞላል፣ ቀጥሎ ሲሊንደሩን። ያቺ ቫልቭ በጨው ትደፈናለች፤ በዓመት አንዴ ፈትቶ በሙቅ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው።

እና ሞተሩ አልነሣ ካለ እያዞርክ አትቆይ። ፓምፑ በየሙከራው ውሃ ይልካል፣ የሚገፋው ጭስ ግን የለም። ከጥቂት ሙከራ በኋላ መዝጊያውን ዝጋ፣ የማርሚታውን ማፍሰሻ ክፈት። ሞተሩ ሲነሣ የባሕር ውሃ መዝጊያውን ወዲያው መልሰህ ክፈት።

ነፋስ_ጠባቂ

ተገጠመ። ኢምፔለሩ ሙሉ ነው፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ በእጅ ዞሯል። የመርጫው ነጥብ ከውሃ መስመሩ 90 ሚ.ሜ ብቻ ነው፤ ቫልቭ አለው፣ ታጥቧል። ጀልባው በደንብ ታስሮ ማርሽ ገብቶ 3,450 ወጣ፣ ጭሱ አይታይም። ከመርጫው በኋላ ያለውን ቱቦ በእጅ ይዞ መቆየት ይቻላል።

ሞተረኛዋ

ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን መልሰህ አጥብቅ፤ ጓርኒሲዮኑ በመጀመሪያው ሙቀት ይቀመጣል። ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ አንዴ ድገም። ዙሪያውን በነጭ ጨርቅ ጠርገህ ተወው፤ አዲስ ማፍሰስ ካለ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ጨርቁ ላይ ይነግርሃል።

ነፋስ_ጠባቂ

አሮጌውን ለመጠባበቂያ ላስቀምጠው?

ናፍታና_ዝገት

ለመጠባበቂያ አይሆንም፣ ግን አትጣለው። በግራይንደር በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቀውና ጥቀርሻውን እየው። ደረቅና የሚፈረፈር ከሆነ ሞተሩ ባትሪ ለመሙላት ብቻ በዝቅተኛ ዙር ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ኖሯል፤ ወደፊት ማርሽ አስገብተህ ጭነት ስጠው፣ ከማጥፋትህ በፊትም ጥቂት ደቂቃ ከፍ ባለ ዙር አስኪደው። ዘይት የጠጣና የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል ወይም ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ቀዝቃዛ ይሠራል። በመጀመሪያ ቴርሞስታቱን ፈትሽ፣ ከዚያ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካ።